የወጥ ቤታችን አፍንጫ

እናቴ ዕቃ በላስቲክ የመጠቅለል ልማድ አላት። በምግብ ቤቷ ያለው የቴሌቪዥን ሪሞት ከካርቶኑ ሲወጣ የለበሰውን ላስቲክ እስካሁን አላወለቀም። የግድግዳው ሰዓት፣ የፍሪጁ እጀታ፣ የምግብ ዝርዝሩ የተጻፈበት ወረቀት፣ ሁሉም ላስቲክ አላቸው። «ዕቃ የሚያረጀው በእጅና በቅባት ነው» ትላለች። ጠቅላይዋ ግን እኔ ነኝ። ከትንሽነቴ ጀምሮ ላስቲኩን ወጥሬ፣ እጥፋቱን አስተካክዬ፣ ጠርዙን በስኮች አሽጌ ስሰጣት እያገላበጠች ታየውና «እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች። ይህን ምርቃት ለማግኘት ስል የማላደርገው ነገር አልነበረም።

ምግብ ቤታችን ካምፓላ፣ ቡኮቶ ውስጥ፣ ከላይ ሰው በሚኖርበት ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ሥር ነው። የፊቱ ወደ መንገድ የተከፈተ በረንዳ ስለሆነ ተመጋቢው ነፋስ እየመታው ይበላል። ወጥ ቤቱ ከኋላ ነው፤ ጠባብ፣ አንድ መስኮትና ወደ ጓሮ የሚያስወጣ አንድ የብረት በር ያለው። በወጥ ቤቱና በመመገቢያው መካከል ሰሃን የሚተላለፍባት ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ እሷም መጋረጃ አላት። እናቴ የምታበስለው ብቻዋን ነው። ጓሮው ውስጥ፣ ቧንቧው ሥር፣ ሰሃን የምታጥብ ኡጋንዳዊት ሴት አለች። መንታ ስለወለደች እንደ አገሩ ደንብ ሁሉም ሰው ናሎንጎ፣ የመንታ እናት፣ ይላታል። ከእናቴ ጋር የሚግባቡት ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በእጅ ነው። በሰዓት ነገር ግን ተሳስተው አያውቁም። በእሷ ቋንቋ በሉጋንዳም ሰዓት የሚቆጠረው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ስለሆነ ዘጠኝ ሲሉ ሁለቱም ዘጠኝ ማለታቸው ነው።

መብራት ስለማይታመን ወጡ የሚሠራው በከሰል ነው። ናሎንጎ ሲጊሪ የምትላቸው ሦስት የከሰል ምድጃዎች ነበሩን። እናቴ በከሰል አያያዟ ትኮራለች። ጠዋት ጓሮ ላይ ታቀጣጥለዋለች፤ ጭሱ እስኪያልቅ፣ ጥቁሩ ጠፍቶ ፍሙ እስኪቀላ ቆማ ትጠብቃለች፤ ወደ ውስጥ የምታስገባው ከዚያ በኋላ ነው። «ሰው የሚጎዳው ጭሱ ነው፤ የቀላ ፍም ንጹሕ ነው» ብላ ያስተማረችኝ እሷ ናት። እሷንም እናቷ አስተምራታለች። ጥቁር የተቀላቀለበት ፍም ወደ ቤት ስታስገባ አንድም ቀን አይቻት አላውቅም።

ማንቂያው የመጣው በደብዳቤ ነው። የሕንፃው ባለቤት ምድር ቤቱን ለተከራየን ምግብ ቤቶች ሁሉ ወረቀት ላኩ። ከላይ ሰው ስለሚተኛ እሳት የሚጠቀም ምግብ ቤት ሁሉ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንዲሰቅል፣ የሕንፃው ተቆጣጣሪም እየዞረ እንዲያይ ያዛል። ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«ምን የሚሉት ነገር ነው?»

«ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ነው ይላል።»

«ካልሸተተ፣ ካልታየ፣ መኖሩን ማን ነገራቸው?» አለችኝ። በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገባሁት የአካባቢ ጤና ልማር ነው፤ ገና የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ስለነበርኩ የማውቀው ከደብዳቤው አይበልጥም።

ከተማ ወርጄ ገዛሁት። መዳፍ የምታህል ነጭ ነገር ናት፤ ፊቷ ላይ ቁጥር የሚታይባት ትንሽ መስኮት አላት፤ ጎኗ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ የቀጠኑ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ቁጥሩ ዜሮ ይላል። አረንጓዴ መብራቷ በየጥቂት ሴኮንዱ ብልጭ ትላለች። አብሯት የመጣውን የመመሪያ ወረቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ እስክሪብቶ ይዤ፣ ዋና ዋናውን እያሰመርኩ አነበብኩ። ከዚያ ወንበር ላይ ወጥቼ ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከሰሃን ማስተላለፊያው ትይዩ ሰቀልኳት።

የዘወትር ደንበኛችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ከአገር በስደት ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ቦታቸው ከማስተላለፊያው ፊት ለፊት ያለው ጠረጴዛ ነው፤ እዚያ ተቀምጠው ከእናቴ ጋር እየተነቋቆሩ ይበላሉ። በዚያን ቀን እጃቸው እንጀራው ላይ እንዳለ ቀና ብለው አዩኝ። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ ወዲህ ዶክተር ይሉኛል።

«ዶክተር፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ማንቂያ ነው ጋሼ። አየሩ ሲበከል ይጮሃል።»

«ዓይኑ ግን እኔን ነው የሚያየው።»

«ዓይን አይደለም፤ መሥራቱን የሚያሳይ መብራት ነው።»

«እኔን ከአገሬ ያስወጣኝም ግድግዳ ላይ ተቀምጦ የሚያዳምጥ ነገር ነው» አሉና ሰሃናቸውን አንስተው ወደ ጥጉ ጠረጴዛ ተዛወሩ። «እህት ዓለም፣ ከዛሬ ጀምሮ ስለ ሽሮሽ እንጂ ስለ ሌላ አላወራም።»

«ስለ ሽሮዬም ቢሆን ደጉን ብቻ ያውሩ» አለች እናቴ ከውስጥ።

ከዚያ ወደ ማንቂያው ዞራ ጥቂት አየችው። ነጭ ነው። ከታቹ ቁሌት የሚቁላላበት ምድጃ አለ። «ይኼ በሳምንቱ በበርበሬ ቢጫ ይሆናል። አንድ ነገር አልብሺው እንጂ» አለችኝ።

አለበስኩት። ከግድግዳው ሰዓት ይበልጥ አሳምሬ ነው የጠቀለልኩት። ስሱን ላስቲክ ሁለት ጊዜ አዞርኩበት፤ ጠርዙን ሁሉ በስኮች አሸግሁ፤ ቁጥሩ በደንብ እንዲታይ ፊቱ ላይ ያለውን ወጠርኩት። እናቴ «እጅሽ ይባረክ» አለችኝ።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪው መዝገቡን ይዞ መጣ። ወፍራም፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። በእስክሪብቶው ጫፍ ከላስቲኩ ላይ የመሞከሪያውን ቁልፍ ተጫነ። ማንቂያው አራት ጊዜ ጮኸ፤ ጋሼ ከጥጋቸው ሆነው ጆሯቸውን ያዙ። «በጣም ጥሩ ነው ማማ» አለ ለእናቴ። «በሕንፃው ካሉት ሁሉ ንጹሑ የእናንተ ነው።» መዝገቡ ላይ ምልክት አደረገ። እኔ ደስ አለኝ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ፤ ከሁዳዴው ጋርም ዝናቡ። የካምፓላ ዝናብ ከሰማይ አይወርድም፤ ከጎን ነው የሚመጣው። በመስኮቱ ገብቶ ፍሙን ስለሚያጠፋው እናቴ ሲዘንብ መስኮቱንም የብረት በሩንም ትዘጋለች። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ ሳትጠጣ እየጾመች፣ በዘጠኝ ሰዓት ለሚቀምሱት ሰዎች ሽሮውንና ምስሩን፣ ጎመኑንና ድንቹን ታሰናዳለች። በሁለተኛው ሳምንት ራሷን ያማት ጀመር። ቀጥሎ ማዞር፣ ቀጥሎም ማቅለሽለሽ። አንድ ቀን ጭልፋውን ምስሩ ውስጥ ጥላ ግድግዳ ይዛ አገኘኋት።

መጀመሪያ ጾሙ ነው አልን። ከቤተ ክርስቲያን የሚያውቋት ሴቶች ምች ነው ብለው የደረቀ ዳማ ከሴ ላኩላት፤ አሽታ ተቀባችው። ክሊኒክ ወስጃት ወባ ተመረመረች፤ የለባትም። የደም ግፊቷም ደህና ነው። ጋሼ ደግሞ «ፊቷ እኮ እንደ ሙሽራ ቀልቷል፤ ምኗን ነው የሚያማት?» ይላሉ። እውነትም መልኳ አምሮ ነበር። ዝናብ በሌለባቸው ቀናት ይሻላታል፤ ጧት በምትቀምስበት እሑድ ግን፣ ከዘነበ፣ ያማታል። ይህን አይቻለሁ። ግን አላሰብኩበትም። ናሎንጎ አንድም ቀን ራሴን አላለችም። እሷ ውጭ ቧንቧው ሥር ነበረች። ይህንንም አይቼ አላሰብኩበትም።

በአራተኛው ሳምንት እናቴ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሻንጣዋን አወረደች። ሻንጣውም ላስቲክ አለው።

«ከፋሲካ በኋላ እዘጋዋለሁ» አለችኝ። «ቁልፉን አስረክቤ አገር ቤት እገባለሁ። እህቴ ጋ ሆኜ ጸበል እጠመቃለሁ። እዚህ ምድጃ ሥር ወድቄ ብሞት ማን ያነሳኛል?»

«እኔስ?»

«አንቺ ትማሪያለሽ። ለመማር አይደል የመጣነው?»

ሌሊቱን ሙሉ ስለዚያ ሻንጣ አሰብኩ። ከእናቴ ሌላ በዚህ ከተማ ሰው የለኝም። እሷም ከምግብ ቤቱ ሌላ ሥራ የላትም። በሽታዋ ምን እንደሆነ ግን የሚነግረን አልተገኘም።

በዚያው ሳምንት፣ ከሰዓት በፊት የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ መምህራችን ስለ ቤት ውስጥ አየር ማስተማር ጀመሩ። ቀስ ብለው የሚናገሩ ሴት ናቸው። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ የሚሉትን ሁሉ እጽፋለሁ።

«ደማችን ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞር ነው» አሉ። «ይህ ጋዝ ሲመጣ ግን ደሙ ከኦክስጅን አስበልጦ ይወደዋል። ወንበሩን ይለቅለታል። እንግዳው አንዴ ከተቀመጠ ቶሎ አይነሳም። ሰውየው ይተነፍሳል፤ ደረቱ ይወጣል ይወርዳል፤ ግን ውስጥ ለውስጥ እየታፈነ ነው። መልኩ ሁሉ ቀልቶ ሊያምር ይችላል።»

እስክሪብቶዬ ቆመ።

«የከሰል ነገር ደግሞ ይገርማል» ብለው ቀጠሉ። «ሰው ጭሱን ይፈራል። ጭስ ግን ቢያንስ ዓይን አቃጥሎ ያባርርሃል። ቀልቶ ጭሱ ያለቀ ፍምም ይህን ጋዝ ይሰጣል። ጭስ ስለሌለው ሰው አምኖት በር ዘግቶ አጠገቡ ይቀመጣል።»

አንድ ተማሪ ማንቂያ ካለስ ብሎ ጠየቀ።

«ማንቂያ አፍንጫ ነው። የሚያውቀው በቀዳዳዎቹ የገባለትን አየር ብቻ ነው። ቀለም የተቀባ አይቻለሁ፤ ጨርቅ የለበሰ አይቻለሁ። ቁልፉን ስትጫኑት ይጮሃል፤ አፉ ደህና ነው። አፍንጫው ግን ተደፍኗል።»

የተሰማኝን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ፍርሃት ነበር፤ ግን ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ስንት ሳምንት ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ፣ በፊቴ ያለፈ፣ በአፍንጫዬ የገባና የወጣ ነገር ነበረ፤ እኔ ግን አላየሁትም። ዓለም ከምናየው ይልቅ በማናየው የተሞላች መሆኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። መስኮቱን ቀና ብዬ አየሁ። ከቡኮቶ አጠገብ ባለው በናጉሩ ኮረብታ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል።

ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁና ደወልኩ። እናቴ ስትሠራ ስልኳን ባንኮኒው ላይ ትተዋለች። ያነሱት ጋሼ ናቸው።

«ጋሼ፣ እማዬን ከወጥ ቤት ያስወጡልኝ።»

«ከወጥ ቤት? እሷን? እኔን ታስወጣኝ እንደሆነ እንጂ።»

«እባክዎ ጋሼ፣ የምሬን ነው። በሩን ይክፈቱላት።»

እግራቸው ሲሄድ፣ በማስተላለፊያው በኩል ሲጣሩ፣ የእናቴ ድምፅም ከሩቅ ሲመልስ ሰማሁ። ተመልሰው መጡ። «ዝናብ ይገባብኛል ትላለች። ሽሮው ሊደርስ ነው፣ ራሴን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ነኝ ትላለች። አንቺ ለምንድን ነው የምታለቅሺው?»

ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር፣ ያዝኩ። ዝናቡ መንገድ ላይ ደረሰብን። ሞተረኛው መጠለያ እንፈልግ አለኝ፤ እምቢ አልኩት። ቡኮቶ ስንደርስ ልብሴ ገላዬ ላይ ተጣብቆ ነበር።

በጓሮ ዞሬ ስገባ ነፋሱ የብረት በሩን ከኋላዬ ዘጋው። ወጥ ቤቱ ጽድት ያለ ነበር። ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው። ጭስ የለም። የሚሸተው ሽሮና ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው። ሦስቱም ፍሞች እንደ ጸሐይ ቀልተዋል። እናቴ ዱካ ላይ ተቀምጣ ጭልፋውን ጭኗ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ማንቂያው ላስቲኩን እንደለበሰ ብልጭ ይላል። ቁጥሩ ዜሮ ነው።

«መጣሽ?» አለችኝ ቀስ ብላ። «ዛሬ ትምህርት የለም?»

«እማዬ፣ ተነሺ እንውጣ።»

«ሽሮዬስ?»

«ይረር።»

«ምን ሆነሻል አንቺ ልጅ? ሰው ጾሙን ውሎ መጥቶ ምን ሊበላ ነው?» ክንዷን ስስባት ተናነቀችኝ። አንድም ቀን አዝዣት አላውቅም። ማዘዝም አላውቅበትም ነበር። መጀመሪያ በሩን መልሼ መክፈት ይገባኝ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። በዚያች ሰዓት የታየኝ ግን ያ ዜሮ ብቻ ነው። የሽንኩርት ቢላዋ አንስቼ ላስቲኩን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቅሁት።

ጥቂት ምንም አልሆነም። ከዚያ ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። ሠላሳ ምናምን ሆነ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ከመቶ አልፏል። እየወጣ፣ እየወጣ ሄደ። መስኮቱን ለመክፈት ስታገል መጮህ ጀመረ። ያን ጊዜ ለተቆጣጣሪው የጮኸው አራት ጩኸት ከዚህ ጋር ሲተያይ ማንሾካሾክ ነው። እናቴ ቀና ብላ አየችው። እኔን ያልሰማችውን እሱን ሰማችው። «እኔን ነው የሚጠራው?» አለችና ብድግ ልትል ስትሞክር መልሳ ዱካው ላይ ወደቀች።

የብረት በሩ ከውጭ ተበርግዶ ናሎንጎ ገባች፤ እጇ ላይ አረፋው አለ፤ ጋሼም ከኋላዋ ናቸው። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው ጋሼ ሆነው እናቴን ብብቷን ይዘው ወደ ዝናቡ አወጧት። እኔ ምድጃዎቹን በጨርቅ ይዤ ጓሮ ላይ አንድ በአንድ ወረወርኳቸው። ፍሙ ውኃ ሲነካው የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ክሊኒክ ስናደርሳት ነርሷ ጣቷ ላይ የሚቆነጥጥ መለኪያ አደረገችላትና «ኦክስጅኗ ጥሩ ነው» አለች። ወጣቷ ሐኪም የሆነውን ስነግራት ራሷን ነቀነቀች። «ይህ የሚያየው የደሙን ቅላት ነው። ያኛውም ጋዝ ደሙን ያቀላዋል። ያታልለዋል» አለችና ጭንብሉን አምጥታ ንጹሕ ኦክስጅን አስገባችላት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ጭንብሉ በትንፋሿ ሲደበዝዝና ሲጠራ አየሁ። የእኛን ዓይን፣ የመለኪያውን ዓይን፣ የእናቴን የስንት ዓመት ጥንቃቄ ያታለለውን ነገር ያወቀው ግድግዳ ላይ ያለው መዳፍ የምታህል ነገር ነበር። እሱንም አፍኜው የኖርኩት እኔ ነኝ።

ሳይጨልም ራስ ምታቱ ተዋት። ጭንብሉን ከፍ አድርጋ «ሽሮው አረረ?» አለችኝ።

በማግስቱ የመመሪያውን ወረቀት እንዳነብላት ጠየቀችኝ። እየተረጎምኩ አነበብኩ። ካሰመርኩባቸው አንዱ «ከቅባትና ከአቧራ ይጠበቅ» ይላል። ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ «በምንም ነገር አይሸፈን» ይላል። ያም ተሰምሮበታል። ሁለቱንም አንብቤ ነበር፤ የተከተልኩት እናቴን ደስ የሚያሰኛትን ነው። እያፈርኩ ነገርኳት።

እናቴ ወረቀቱን ተቀብላ ማንበብ በማትችለው ፊደል ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይህችኛዋ ናት?»

«አዎ።»

«ጠቅልዪ ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ ጊዜ ግን እምቢ በዪኝ። ያን ቀን ተነሺ ስትዪኝ አልሰማሁሽም። ያልሰማሁሽ ስታዢኝ ስላልለመድኩሽ ነው።»

«የሪሞቱንስ ላውልቀው?» አልኳት።

«ሪሞት አይተነፍስም። ተይው።»

ባለቤቱ ጓሮው ላይ ጎኑ ክፍት የሆነ የቆርቆሮ ጣሪያ እንድንሠራ ፈቀዱ። ከሰሉ ከዚያ በኋላ ደጃፉን አላለፈም። ለተቆጣጣሪው የቁልፉንና የአፍንጫውን ነገር ነገርኩት፤ ሰማኝና ከዚያው ከእኛ ቤት ጀምሮ ምግብ ቤቶቹን ሁሉ እንደገና ዞረ። ከሕንፃው ፊት መንገድ ዳር ሮሌክስ፣ በቂጣ የሚጠቀለል እንቁላል፣ የሚጠብሰው ሰውዬ ሲያየው «የእኔ ወጥ ቤት ጣሪያው ሰማይ ነው፤ የቱ ላይ ልስቀልልህ?» ብሎ ሳቀበት።

በሕማማት ሳምንት ሰኞ፣ ዝናቡ እንደገና ከጎን መጣ። እናቴ ከቆርቆሮው ሥር ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ሽሮ ታማስላለች። ከጠዋት ጀምሮ ፊቷን በስርቆት አየዋለሁ። ቅላቱ ጠፍቶ የራሷ ጠይም መልክ ተመልሷል። ሻንጣው ቁም ሣጥኑ ላይ ነው፤ ማን እንደመለሰው አልጠየቅሁም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጋሼ መጡ። በጥጉ ጠረጴዛ በኩል አልፈው ከማስተላለፊያው ፊት ለፊት፣ ከድሮው ቦታቸው ተቀመጡ። ማንቂያውን ቀና ብለው አዩት።

«ዶክተር፣ ስንት ይላል?»

«ዜሮ ጋሼ።»

«የእውነቱ ዜሮ ነው የላስቲኩ?»

ወጥ ቤቱ ውስጥ ገባሁና ከሥሩ ቆምኩ። በጎኑ ያሉት ቀዳዳዎች በበርበሬ ቅላት ዙሪያቸውን ትንሽ ወይበዋል። በክፍቱ በር የዝናቡ ነፋስ ይገባል። ተነፈስኩ፤ እሱም የተነፈስኩትን አየር እየተነፈሰ ብልጭ አለ።

«የእውነቱ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሽሮውን አምጡ።»